ያለ ንግሥ የሚሞላ በር

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የስልክ ጥሪ መጨናነቅን ማስላት ነበር። ቤቴ ሥላሴ ካቴድራል አጠገብ ነውና ሙያው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የማሳያቸው የካቴድራሉን በር ነው። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ሕዝቡ እንደሚጎርፍ ስለሚታወቅ ዝግጅት ይደረጋል። የሚያስቸግረው ንግሥ በሌለበት፣ እንዲያው በአጋጣሚ የሚሞላው ቀን ነው።

ስልክ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር በ1894 እ.ኤ.አ. መዘርጋት ጀመረ። ደዋዩ ጥቂት ስለነበር ወረፋ አላስጨነቀንም። የወረፋ ሒሳብ የተጀመረው ሌላ ቦታ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። የከተማዋ ስልክ ኩባንያ ባልደረባ አግነር ኤርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. ጥሪዎች የሚመጡበትን ሥርዓት አሳተመ፤ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከደዋዮች ስንቱ «መስመሩ ተይዟል» እንደሚባል የሚያሰላውን ቀመር አወጣ። የእኛ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም ቀመሩ 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። እኛም በእሱ ኖረናል።

ወረፋ ከወረፋ ሲቀጣጠል ግን ቀመር ያልቅብንና ሁኔታውን ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል ግድ ይላል። ለማሳያ ቀላሉን፣ የካቴድራሉን በር አንድ ወረፋ እንውሰድ፤ በሩ ላይ የሚገባውን የሚፈትሽ አንድ ፈታሽ አለ፣ እሱም ከመጪው ሰው በእጥፍ ይፈጥናል እንበል። አንድ ሰው መጥቶ የተጀመረ ወረፋ ባዶ ከመሆኑ በፊት 20 ሰው የሚደርስበት ዕድል ከ1,048,575 አንድ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ለማየት ማሽኑ ስንት ሚሊዮን ከንቱ ወረፋ ይቁጠር?

ተመራማሪዎቹ ፓሬክ እና ዋልራንድ በ1989 እ.ኤ.አ. መጠበቁን ተዉት። ፍጥነቶቹን አገላበጧቸው፤ መጪው ይፍጠን፣ ፈታሹ ይዘግይ አሉ። ያኔ ከሁለት ሙከራ አንዱ 20 ይደርሳል። የደረሰው ግን አንድ ተብሎ አይቆጠርም፣ 1/524,288 ተብሎ ነው። ላየው ማጭበርበር ይመስላል፤ አይደለም፤ የተጋነነው ሁሉ በክብደቱ ይመለሳል። እኔ በሙያዬ ከዚህ የሚያምር ዘዴ አላየሁም።

ችግሩ ከፍተሻው ቀጥሎ ሌላ ወረፋ ሲኖር መጣ። ግላሰርማን እና ኩ በ1995 እንዳሳዩት፣ የሁለቱ አገልግሎቶች ፍጥነት ሲቀራረብ ይኸው ዘዴ ክፉኛ ሊያስት ይችላል። መፍትሔው በ2007 ከዱፑይ፣ ከሴዘር እና ከዋንግ መጣ፦ ግልበጣው እንደየወረፋው ሁኔታ፣ በተለይ አንደኛው ባዶ ሲሆን፣ ይለዋወጥ።

ልጆቼ፣ ሁለት በር ላለው ሥራ የአንድ በር ግልበጣ ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ መልሱ ቶሎ ቢረጋም አትመኑት፤ መጀመሪያ የ1995ቱን ጽሑፍ አንብቡ።