ሐውልት የቆመለት ውሻና ስማቸው ያልተነሣ ተሸካሚዎች

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 3፤ ሉቃስ 10፥25-37



ዛሬ ስለ ውሾች ልጽፍላችሁ ነው። በእኛ አገር ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያለፈ ክብር ብዙም አናውቅለትም። በውጭ አገር ግን መድኃኒት ስላደረሱ ጀግና ውሾች ለልጆች የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው የባልቶ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የካርቱን ፊልም ስለ ተሠራለት የእኛም ልጆች በስልክ አይተውት ይሆናል። ታሪኩ በእውነት የሆነ ነው፤ ልጆች በሚሰሙት መልኩ ግን ሙሉ አይደለም። በጎደለው በኩል ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ትምህርት አለ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1925 መጀመሪያ፣ በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ባለችው አላስካ፣ ኖም በምትባል ከተማ ነው። ዲፍቴሪያ የሚባለው፣ የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግቶ ትንፋሽ የሚያሳጣ በሽታ ገባ። በከተማዋ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ከርቲስ ዌልች በእጃቸው የነበረው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነበር። ባሕሩ በበረዶ ስለ ተዘጋ መርከብ አይገባም። በዚያ ብርድም አውሮፕላን ለማብረር አልተደፈረም። መድኃኒቱ ከአንኮሬጅ እስከ ኔናና በባቡር መጣ። ከኔናና እስከ ኖም የቀረው 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል ግን በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ብቻ የሚሄዱበት ነበር። ይህ ከዲላ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ እንደ መሄድ ነው። 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች ሌት ከቀን እየተቀባበሉ በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን ማለዳ ኖም የደረሰው የመጨረሻው ቡድን መሪ ውሻ ባልቶ ነበር። ጋዜጦች ስሙን አነሡ፤ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ሐውልት ቆመለት። በሐውልቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለውሾቹ ሁሉ መታሰቢያ ቢሆንም ሰው የሚያውቀው ስም አንድ ነው። ባልቶ የሮጠው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቶጎ የሚባለው የ12 ዓመት ሽማግሌ ውሻ ግን ከጌታው ከሌናርድ ሴፓላ ጋር መድኃኒቱን ሊቀበል ከኖም ወጥቶ፣ በረዶ የጋገረውን ባሕር ተሻግሮ፣ ደርሶ መልስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። ከዚህ ውስጥ 146 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መድኃኒቱን ይዞ ነው። ስለ ቶጎ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትና ፊልም የታወቁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የቀሩትን ነጂዎችና ውሾች ስም ግን ማን ያውቃል?

ለባልቶም ክብሩ አልቆየለትም። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ እርሱና ጓደኞቹ በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ትርኢት ቤት ተጎሳቁለው ተገኙ። ያዳኗቸው የክሊቭላንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ተማሪዎች ጭምር ሳንቲም አዋጥተው ገዟቸው። የሰው ጭብጨባ እንዲህ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። የእኛም አገር መድኃኒት ተሸካሚዎች አሏት። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻው የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር ክትባቱ በሰው እግርና በበቅሎ ጀርባ ወጣ፣ ወረደ። ክትባቱ በደረቁ የተዘጋጀ ስለ ነበር ሙቀትን ይችላል፤ ለበቅሎ መንገድ የተመቸውም በዚህ ነው። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተወለድነው ያንን ጠባሳ በታላላቆቻችን ፊት ላይ ብቻ ነው የምናውቀው። ክትባቱን ለተሸከመችው በቅሎና ልጓሟን ይዞ ለመራት ሰው ግን ልጆቻችን የሚያነቡት መጽሐፍ የት አለ?

ቅብብሎሹ ዛሬም አላበቃም። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወዲህ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በቡሌ ዳገት፣ በኮቸሬና በገደብ የቡናና የእንሰት ጥላ ሥር የክትባት ሳጥን አንግታ የምትሄደዋን እህት ታውቋታላችሁ። በአላስካ ሰዎቹ መድኃኒቱ በብርድ እንዳይጎዳ ሲታገሉ፣ እርሷ ደግሞ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቆይ ትታገላለች። ሕፃናት በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚወስዱት ክትባት ውስጥ የዚያው የዲፍቴሪያ መከላከያ አለ! ውሾቹ የሮጡለት ነገር ዛሬ በጤና ኬላችን ደጃፍ ደርሷል።

አሁን ነህምያ ምዕራፍ ሦስትን ክፈቱ። ብዙዎቻችን ስም ብቻ ነው ብለን የምንዘልለው ምዕራፍ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ እያንዳንዱ የደረሰውን ያህል ሠራ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከዚያ ቀጠለ። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚው፣ ከአባታቸው ከሰሎም ጋር የሠሩ ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። ለሥራው ትከሻቸውን ያልሰጡት የቴቁሓ ታላላቆችም ተጽፈዋል። የመጨረሻውን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠ ግን ምዕራፉ አይነግረንም። እግዚአብሔር የሚመዘግበው የጨረሰውን ብቻ አይደለም፤ የተቀበለውንና ያቀበለውን ሁሉ ነው። ጌታችን በተናገረው ምሳሌም ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ የተሸከመችው የሳምራዊው አህያ ናት። ሳምራዊው ስሙ አልተነገረም፤ ቁስለኛው ግን ዳነ።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛ ግን በጉባኤዎቻችን መጨረሻ ላይ የደረሰውን እያከበርን፣ በሌሊት በበረዶ ውስጥ የሮጠውን እየረሳን እንዳይሆን ያሰጋኛል። መድረክ ላይ የቆመውን ልጆቻችን ያውቁታል። ወንጌልን በእግሩ ወደ መንደራቸው ያመጣውን ሽማግሌ ስም ግን ስንቶቹ ይነግሩናል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ የባልቶን ታሪክ ንገሯቸው፤ ከዚያ በየአጥቢያችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቃችሁ የእኛን ተሸካሚዎች ስም ከልጆቹ ጋር ጻፉ፤ አረጋውያኑ ሳያልፉብን። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ሦስተኛውን ክትባት አታስቀሩ፤ ቅብብሎሹ የሚያበቃው በእናንተ እጅ ነውና።

እግዚአብሔር ድካማችሁን አይረሳም። ተባረኩ!