ለአነስተኛ የኢንተርኔት ሱቅ የግዢ ቅርጫትና የክፍያ ዘዴ እንዴት ይመረጣል?

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ በምሳሌነት እንውሰድ፡፡ ደንበኞቿ ፎቶውን በቴሌግራም ያያሉ፣ በዋጋ ይስማማሉ፣ ገንዘቡን ወደ ባንክ ሒሳቧ ያስገቡና የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልኩላታል፡፡ በቀን ሦስትና አራት ትዕዛዝ እስካለ ድረስ ይህ አሠራር እምብዛም አያስቸግርም፡፡ ለፋሲካ ሰሞን ትዕዛዙ 60 ሲደርስ ግን ማን በትክክል እንደከፈለ፣ ማን የቆየ ደረሰኝ ነካክቶ እንደላከ፣ አንዷን ቀሚስ ለስንት ሰው ቃል እንደገባች መለየት ያዳግታታል፡፡ የራስን የኢንተርኔት ሱቅ የመክፈት ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡

ሱቅ ለመክፈት የሚነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምሩት ከድረ ገጹ መልክ ነው፡፡ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፎቶውና ስለ ስሙ ሳምንታት ይፈጃሉ፡፡ ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ክፍያ ለማገናኘት ሲሞከር፣ የተመረጠው ሶፍትዌር ከአገር ውስጥ የክፍያ ድርጅቶች ጋር በቀላሉ የማይገናኝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፡፡ በመሆኑም ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል፡፡ በመጀመሪያ ገንዘቡ ከማን፣ ከየትና በምን መንገድ እንደሚመጣ ይወሰናል፤ ቅርጫቱ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፡፡

የሁለቱ ልዩነት

የግዢ ቅርጫት ወይም ሾፒንግ ካርት የሚባለው ዕቃዎችን ከነዋጋቸው የሚያሳይ፣ ገዢው የመረጠውን የሚሰበስብ፣ ድምር የሚያሰላና ትዕዛዝ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው፡፡ ገንዘብ አይቀበልም፡፡ ገንዘቡን ከገዢው ባንክ፣ ካርድ ወይም የሞባይል ሒሳብ ወስዶ ወደ ሻጩ የሚያደርሰው የክፍያ ጌትዌይ ነው፡፡ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ ፕለጊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፡፡ ለመረጡት ጌትዌይ የተዘጋጀ ፕለጊን ያለው ቅርጫት ሥራውን በቀናት ያስጨርሳል፡፡ ፕለጊን ከሌለው ግን ለፕሮግራመር መክፈል፣ ከዚያም በየጊዜው ማስጠገን ግድ ይሆናል፡፡

ከፋዩ ማነው?

ገዢዎቹ አገር ውስጥ ከሆኑ ቀዳሚው ጉዳይ የሞባይል ገንዘብና የአገር ውስጥ ባንኮች ናቸው፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ጀምረዋል፡፡ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም ፈቃድ አግኝተው የክፍያ ሥርዓት ኦፕሬተር መሆን የሚችሉበት በር ተከፍቷል፡፡ እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ ጌትዌዮች ሥራ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው፡፡ የእነዚህ ጥቅም ሻጩ ከእያንዳንዱ ባንክ ጋር ለየብቻ ሳይዋዋል በአንድ ውል የተለያዩ የክፍያ አማራጮችን ማግኘቱ ነው፡፡ ከመዋዋል በፊት ድርጅቱ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ የደንበኞችዎ ገንዘብ ለጊዜውም ቢሆን በእጁ ያልፋልና፡፡

ገዢዎቹ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን ከሆኑ ጉዳዩ ይለያል፡፡ እነርሱ የሚከፍሉት በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ነው፡፡ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የሆነው ስትራይፕ ለሻጮች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፡፡ ስለዚህ የአገር ውስጥ ሻጭ የውጭ ካርድ ይቀበል እንደሆነ ጌትዌዩን ወይም ባንኩን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፡፡ አንዳንዶች በውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም በተከፈተ የግል ሒሳብ ሊጠቀሙ ያስባሉ፡፡ ይህ አደጋ አለው፡፡ በሕግ ፊት ገንዘቡ የሒሳቡ ባለቤት ነው፤ ግብሩም በእርሱ ስም ይቆጠራል፤ ሒሳቡ ከተዘጋ ደግሞ ሻጩ የሚከራከርበት ውል የለውም፡፡

ወጪውን ከትርፍ ላይ አስሉት

ጌትዌዮች ከእያንዳንዱ ሽያጭ በመቶኛ ይወስዳሉ፡፡ መቶኛው የሚታሰበው ከትርፍ ሳይሆን ከሙሉ ዋጋው ላይ በመሆኑ ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ያታልላል፡፡ ለምሳሌ አንድ ቀሚስ በ3,500 ብር ተሽጦ ትርፉ 400 ብር ቢሆንና ጌትዌዩ 3 በመቶ ቢወስድ፣ ክፍያው 105 ብር ነው፡፡ ይህም ከትርፉ አንድ አራተኛ በላይ መሆኑ ነው፡፡

ቋሚ ክፍያ ሲጨመርበት ደግሞ አነስተኛ ዋጋ ያለው ዕቃ ይበልጥ ይጎዳል፡፡ በአሜሪካ የተመዘገበ ሻጭ በስትራይፕ መደበኛ ታሪፍ ለአገር ውስጥ ካርድ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይከፍላል፡፡ በ40 ዶላር ሽያጭ ላይ ይህ 1 ዶላር ከ46 ሳንቲም ነው፡፡ በ5 ዶላር ሽያጭ ላይ ግን ወደ 45 ሳንቲም ስለሚጠጋ ከዋጋው 9 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፡፡ በርበሬና ሽሮ በትንንሽ ጥቅል የሚሸጥ ሰው ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን መወሰን የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ከመቶኛው ሌላ ሦስት ጥያቄዎች መነሳት አለባቸው፡፡ ገንዘቡ ወደ ባንክ ሒሳብዎ የሚገባው በስንት ቀን ነው? ዕቃው ተመልሶ ለገዢው ገንዘቡ ሲመለስ ጌትዌዩ የወሰደው ክፍያ ይመለሳል? ባለካርዱ ክፍያውን ካስካደ ወጪው የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ቻርጅባክ ይባላል፡፡ ሻጩ ዕቃውን ማድረሱን በማስረጃ ካላሳየ ገንዘቡንም ዕቃውንም ሊያጣ ይችላል፡፡

የቅርጫት ምርጫ

በገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ፡፡ አንደኛው እንደ ሾፒፋይ ያለው፣ ሁሉን ነገር አዘጋጅቶ በወርሃዊ ኪራይ የሚያቀርብ ነው፡፡ ለመጠቀም ቀላል ነው፣ ጥገናውም የኩባንያው ኃላፊነት ነው፡፡ ሆኖም ኪራዩ በዶላር ይከፈላል፡፡ በተጨማሪም የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት በሌለባቸው አገሮች ያለ ሻጭ ሌላ ጌትዌይ ሲጠቀም፣ ቤዚክ በሚባለው የኪራይ ደረጃ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ተጨማሪ 2 በመቶ ይጠየቃል፡፡ ከላይ ባየነው ቀሚስ ላይ ይህ 70 ብር ነው፡፡ ከጌትዌዩ ጋር ሲደመር 175 ብር ሆኖ ከ400 ብሩ ትርፍ የሚተርፈው 225 ብር ብቻ ይሆናል፡፡

ሁለተኛው በራስ ሆስቲንግ ላይ የሚጫነው ነው፡፡ ውኮሜርስ፣ ኦፕንካርትና ፕሬስታሾፕ ከዚህ ወገን ናቸው፡፡ ውኮሜርስ ራሱ በነፃ ይገኛል፤ ብርን በመገበያያ ገንዘብነት ያውቃል፤ ዕቃ ሲደርስ በእጅ የመክፈል አማራጭም አለው፡፡ ቻፓም ለውኮሜርስ የተዘጋጀ ፕለጊን አለው፡፡ በአንፃሩ ሆስቲንጉን መክፈል፣ ሶፍትዌሩን ማደስና ቅጂ ማስቀመጥ የባለቤቱ ሥራ ነው፡፡ ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ ነፃ የሚለው ቃል ትርጉሙን ያጣል፡፡

ዕቃው አንድ ብቻ ሲሆን ልብ የሚባል ነገር አለ፡፡ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ያችኑ ቀሚስ ቢያዙ ቅርጫቱ ምን ያደርጋል? ውኮሜርስ ያልተከፈለ ትዕዛዝን ለተወሰነ ደቂቃ ይይዛል፡፡ ካልተለወጠ በቀር ጊዜው 60 ደቂቃ ነው፤ ሲያልፍ ትዕዛዙ ተሰርዞ ዕቃው ለሌላ ይለቀቃል፡፡ በባንክ አስገብቶ የማሳወቅ አማራጭን የመረጠ ገዢ ትዕዛዝ ግን በራሱ አይሰረዝም፤ ባለቤቱ መከታተል አለበት፡፡

ተከፈለ የሚባለው መቼ ነው?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው፡፡ ገዢው ከፍሎ ወደ ሱቁ ሲመለስ ‹‹እናመሰግናለን›› የሚል ገጽ ይከፈትለታል፡፡ ይህ ገጽ ግን ማስረጃ አይደለም፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሳይከፍል ሊከፍተው ይችላል፡፡ አስተማማኙ መንገድ ጌትዌዩ በቀጥታ ለሱቁ ሰርቨር የሚልከው ዌብሁክ የተባለ መልዕክት ነው፡፡ ሰርቨሩም መልዕክቱን እንደደረሰ ከማመን ይልቅ በትዕዛዙ ቁጥር ጌትዌዩን መልሶ መጠየቅ፣ የተከፈለው መጠንና የገንዘቡ ዓይነት ከትዕዛዙ ጋር መግጠሙን ማየት አለበት፡፡ ይህ ማረጋገጫ የሌለው ሱቅ በስክሪንሾት ከሚሠራው የቴሌግራም ንግድ በምንም አይሻልም፡፡

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዌብሁክ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል፡፡ ገዢው ከፍሎ ትዕዛዙ ‹‹አልተከፈለም›› ብሎ የሚቆየው ያን ጊዜ ነው፡፡ ስለዚህ ማታ ማታ የጌትዌዩን ዝርዝርና የሱቁን ትዕዛዝ ጎን ለጎን ማመሳከር ልማድ መሆን አለበት፡፡

የካርድ ቁጥርን በሚመለከት መመሪያው አጭር ነው፤ በሱቁ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፡፡ ገዢው ቁጥሩን የሚያስገባው በጌትዌዩ ገጽ ላይ ከሆነ፣ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው የካርድ ኩባንያዎች የደኅንነት መለኪያ በሻጩ ላይ የሚጥለው ሸክም በእጅጉ ይቀንሳል፡፡

ሕግና ሙከራ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልዕክት ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፡፡ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ሱቅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ማወቅ ይኖርበታል፡፡ የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ በኢንተርኔት ስለተሸጠ አይቀሩም፡፡ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴም 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን በግልጽ መጻፍ አለበት፡፡

በመጨረሻም ሱቁ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ እውነተኛ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ዕቃ ይግዛ፡፡ አንዱን ክፍያ ይፈጽም፣ አንዱን በመሐል ያቋርጥ፣ አንዱን ደግሞ ከፍሎ ተመላሽ ይጠይቅ፡፡ ሦስቱም ትዕዛዞች በመዝገቡ ላይ በትክክል ከታዩና ገንዘቡ ባንክ ከደረሰ፣ የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ የፋሲካን ሰሞን ስክሪንሾት ስትመረምር ሳይሆን ልብስ ስታሽግ ታሳልፋለች፡፡