ከአንድ ማሠራጫ ወደ ብዙ ክፍሎች፦ የትምህርት ሥርጭትና የመረብ አደረጃጀት ታሪክ

አንድን ትምህርት ከአንድ ቦታ አስተላልፎ ለብዙ ክፍሎች ማዳረስ በአገራችን አዲስ አሳብ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ትምህርት በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በተባለው ማያ ገጽ አማካይነት በየክፍሉ ይታይ ጀመር። ትምህርቱ ሩቅ ቦታ መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የወሰደው ማያ ገጽ ተማሪው ይከተለው እንደሆነ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም።

በኮምፒዩተር መረብ ዘንድ ተመሳሳይ ችግር የተጤነው ከፕላዝማው ቀደም ብሎ ነው። ስቲቭ ዲሪንግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ደንብ መሠረት ላኪው አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ ተቀባዮች ደግሞ የቡድኑ አባል ለመሆን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ይህም መልቲካስት ይባላል። ለምሳሌ 20 ክፍሎች ባለ 2 ሜጋቢት ሥዕል በየግላቸው ቢቀበሉ ከላኪው 40 ሜጋቢት ይወጣል፤ በመልቲካስት ግን 2 ብቻ ይበቃል።

ሆኖም ቁጠባው የሚገኘው ስዊች የሚባለው ማከፋፈያ በሚገባ ሲዘጋጅ ነው። ያልተዘጋጀ ስዊች የቡድኑን መልእክት ለጠየቀውም ላልጠየቀውም በር ሁሉ ይበትነዋል። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የተባለው አሠራር ሲከፈት ግን የአባላቱን ጥያቄ አዳምጦ ለፈለጉት በሮች ብቻ ያደርሳል። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በመረቡ ውስጥ «አሁንም አላችሁን?» እያለ በየጊዜው፣ በተለመደው ልክ በየ125 ሴኮንዱ፣ የሚጠይቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጠያቂ ከሌለ ሥዕሉ በደህና ይጀምርና ከ260 ሴኮንድ በኋላ አባልነቱ ተሰርዞ ይጠፋል። መድኃኒቱም ጠያቂነቱን ለአንድ ስዊች ወይም ለራውተሩ መስጠት ነው። መምህር በየዕለቱ ስም የሚጠራው ስለዚሁ አይደለምን?

ይህ ትምህርት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቅርብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይል የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን የምንጩ ብርታት ብቻውን ማከፋፈልን አያረጋግጥም፤ ኃይል ማሠራጫ መስመር፣ ትምህርትም የተደራጀ መረብ ይሻል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበት ክልል አንድ ድምፅ ለሁሉም ከመበተን ይልቅ፣ ለየቋንቋው የተለየ ቡድን ሰይሞ እያንዳንዱ ክፍል የሚሻውን እንዲጠይቅ ማድረግ በዚህ ዘዴ ይቻላል።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ማያ ገጽና ስዊች ሲገዙ፣ ስዊቹን የሚያዘጋጅ የሠለጠነ ሰውም በዕቅዱ ሊያካትቱ ይገባል። ትምህርቱም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ተቀድቶ ይቀመጥ፤ ማስቆሙና መድገሙ የመምህሩ ሥልጣን ይሁን። ያለፈው ታሪክ ያስተማረን ዋና ነገር፣ መላክ የሥራው ግማሽ መሆኑንና ሌላው ግማሽ ተቀባዩን መጠየቅ መሆኑን ነው።