እንዶድ፦ ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ

የሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ቤተ ሙከራው እንጂ ወንዙ አይደለም። የእንዶድ ምርምር ግን የተጀመረው አድዋ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች ነጠላና ጋቢያቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው፣ ከዚያ በላይ ግን በሕይወት እንዳሉ ተመለከቱ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ሙከራ በእጇ የፈጸመችው ያቺ አጣቢ ናት፤ ስሟን ግን የሚያነሣ የለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአንድ ሙያ አቅም በላይ ሆነ። ገዳዩን ንጥረ ነገር መለየት የኬሚስትሪ፣ ፍሬው የበረታውን ዝርያ መምረጥ የእርሻ ጥናት፣ ወንዙን በየጊዜው ማከም ደግሞ የነዋሪው ሕዝብ ተግባር ነበር። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ ዝርያዎች መካከል «ዓይነት 44»ን መርጠው አወጡ። በአድዋ ለ5 ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ።

ይህን የመሰለ ውጤት እንኳ በውጭ ተቋማት ዘንድ አመኔታ ለማግኘት አልበቃውም። የመርዛማነቱ ምርመራ በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንደገና እስኪሠራ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ሊቃውንት «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989፣ ከአድዋው ግኝት 25 ዓመታት በኋላ ነው።