ብሮው ሊፍት፦ ቅንድብን ከፍ የማድረግ ቀዶ ሕክምና

ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረን ሰው «ምነው፣ እንቅልፍ አልወሰደህም እንዴ?» ይሉታል፤ ማንንም ያልተቀየመችን ሴት «ማን አስከፋሽ?» ይሏታል። ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚያስነሳው ዝቅ ያለ ቅንድብ ነው። ቅንድብ ሲወርድ በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ቆዳ ይከመራል፣ ዓይን ይጠባል፣ ፊትም የደከመ ወይም የተኮሳተረ ይመስላል። የወረደውን ቅንድብና የረገበውን የግንባር ቆዳ ወደ ላይ ስቦ በአዲስ ቦታው የሚያጸናው ቀዶ ሕክምና በእንግሊዝኛ «ብሮው ሊፍት» ይባላል። ሥራው ግንባርንም ስለሚነካ «ፎርሄድ ሊፍት» የሚሉት አሉ፤ ሁለቱ ስሞች በአብዛኛው የሚያመለክቱት አንድን ነገር ነው።

አማርኛው

በቀጥታ «ቅንድብ ማንሳት» ብንለው አጭር ይሆናል፤ ነገር ግን ያሳስታል። ማዕድ ሲነሳ ከፊታችን ይወሰዳል፤ «ማንሳት» ማስወገድም ነውና። በዚያ ላይ ቅንድብ መቀንደብ የተለመደ በመሆኑ፣ «ቅንድቧን አስነሳች» ሲባል የሰማ ሰው ፀጉሩን አስነቀለች ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ስለዚህ «ቅንድብን ከፍ የማድረግ ቀዶ ሕክምና» ረዘም ቢልም ይሻላል። «ቀዶ ሕክምና» የሚለው ባይቀር ጥሩ ነው። አንዳንድ የውበት ሳሎኖች የቅንድብ ፀጉርን በኬሚካል ወደ ላይ አስተኝተው ለጥቂት ሳምንት የሚያቆዩበትን ሥራ በዚሁ በእንግሊዝኛው ስም ስለሚጠሩት ነው። ያኛው ፀጉርን ብቻ ያስተካክላል፤ ይህኛው ቆዳን፣ ጡንቻንና ከሥራቸው ያለውን ሽፋን ይነካል።

ቅንድብ ለምን ይወርዳል?

ቅንድብን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሮንታሊስ የሚባለው የግንባር ጡንቻ። ስንገረም ቅንድባችንን የሚሰቅለው፣ ከዕድሜም ጋር በግንባር ላይ አግድም መስመር የሚያሰምረው እሱ ነው። ወደ ታች የሚጎትቱት ግን በርከት ይላሉ። ኮሩጌተር ግንባር ስንቋጥር በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ቁም መስመር የሚያወጣው ነው፤ ፕሮሴረስ ከአፍንጫ በላይ ያለውን ቆዳ ይሸበሽባል፤ ኦርቢኩላሪስ ደግሞ ዓይንን ዙሪያውን ከቦ ይጨፍናል። በወጣትነት ጊዜ ሽቅብና ቁልቁል የሚስቡት ኃይሎች ይመዛዘናሉ። ዓመታት ሲያልፉ ቆዳ ይረግባል፣ ከቅንድብ ሥር ያለው ስብና ማሠሪያ ይላላል፣ ሚዛኑም ወደ ታች ያጋድላል።

የፍሮንታሊስ ጉልበት እስከ ቅንድብ የውጪ ጫፍ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ወደ ጆሮ በኩል ያለው ጫፍ ቀድሞ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚያማርረውም በዓይን ውጪያዊ ጥግ ላይ በሚከመረው ቆዳ ነው። ከዕድሜ ሌላ በዘር የሚመጣ ዝቅ ያለ ቅንድብ አለ፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሲታመምም ቅንድብ በአንድ ወገን ይወድቃል። አንድ ቅንድብ ወይም የአንድ ዓይን ቆብ በድንገት ከወረደ፣ በተለይ አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ነገር ለሁለት ከታየ፣ ጉዳዩ የውበት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የሚያስሮጥ ነው።

የወረደው ምንድን ነው?

ስለ ዓይን አካባቢ ቀዶ ሕክምና የሚያስብ ሰው ከምንም በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በመስታወት ውስጥ አንድ የሚመስሉ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉና። የመጀመሪያው የቅንድቡ መውረድ ነው። ሁለተኛው ቅንድብ በቦታው ሆኖ የዓይን ቆብ ቆዳ መብዛቱ ነው፤ መፍትሔው ብሌፋሮፕላስቲ የሚባለው ትርፍ የቆብ ቆዳን የማውጣት ቀዶ ሕክምና ነው። ሦስተኛው ቶሲስ ይባላል፤ ቆቡን የሚከፍተው ጡንቻ ላልቶ የቆቡ ጠርዝ ራሱ ወደ ብሌን ሲወርድ ማለት ነው፤ የሚስተካከለውም ጡንቻው ሲጠብቅ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቅንድቡ የወረደበት ሰው ሳያውቀው ግንባሩን እየሸበሸበ ቀኑን ሙሉ ቅንድቡን ሰቅሎ ይውላል፤ ይህን የሚያደርገው ለማየት ነው። ሐኪሙ ቅንድቡን ትቶ የቆቡን ቆዳ ብቻ ቢያወጣ ዓይኑ ስለሚገለጥለት ግንባሩ ያርፋል፤ ግንባሩ ሲያርፍ ቅንድቡ ይብሱን ዝቅ ሊል ይችላል። ምሰሶው የዘመመ ድንኳን መግቢያው ላይ ሲረግብ የረገበውን ጨርቅ መቁረጥ ምሰሶውን አያቀናውም።

ለመነሻ ያህል በቤት የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። በመስታወት ፊት ዓይንን ጨፍኖ ግንባርን ፈጽሞ ማሳረፍ፣ ከዚያም ግንባርን ሳይሸበሽቡ ዓይንን ቀስ ብሎ መግለጥ ነው፤ የቅንድብ እውነተኛ ቦታ የሚታየው ያኔ ነው። ቀጥሎ ቅንድቡን በጣት በትንሹ ከፍ ማድረግ፤ በቆቡ ላይ የተከመረው ቆዳ አብሮ ከተነሳ ችግሩ ከቅንድቡ ነው፤ ካልተነሳ ከቆቡ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው ግን የሐኪም ነው።

ትክክለኛ የሚባለው የቅንድብ ቦታም ለሁሉ አንድ አይደለም። በሴቶች ብዙ ጊዜ ከዓይን ጉድጓድ የላይኛው አጥንት ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውጪ ቀስት ይሠራል፤ በወንዶች ጠርዙ ላይ አረፍ ያለና ቀጥ ያለ ነው። የወንድን ቅንድብ እንደ ሴት ቀስት አድርጎ መስቀል መልኩን ይለውጥበታል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነቶች

የዚህ ሕክምና ታሪክ መቶ ዓመት አልፎታል። ሬይሞን ፓሶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ከፀጉር መነሻ አጠገብ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን አውጥቶ በመስፋት ግንባርን የመሳብ ዘዴን ጽፎ አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘዴዎች በዋነኛነት የሚለያዩት በሦስት ነገር ነው፦ ጠባሳው የት ይቀመጣል፣ የፀጉር መነሻው ወዴት ይሄዳል፣ የትኛው የቅንድብ ክፍል ይነሳል።

ኮሮናል የሚባለው ነባሩ ዘዴ ነው። ሐኪሙ ከፀጉር መነሻ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ብሎ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይቀድዳል፣ ግንባሩን ስቦ የተረፈውን የራስ ቆዳ ቆርጦ ያወጣል። ጠባሳው በፀጉር ይሸፈናል፤ መላውን ግንባርም በደንብ ይስባል። ነገር ግን የፀጉር መነሻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከጠባሳው በስተኋላ ያለው የራስ ቆዳም ለረጅም ጊዜ ሊደነዝዝ ይችላል። ግንባሩ ሰፊ ለሆነ ወይም ፀጉሩ ለሳሳ ሰው አይመከርም።

ፕሪትሪኪያል ደግሞ ቅዱን በራሱ በፀጉር መነሻው ላይ ያደርገዋል። መነሻው ወደ ኋላ ስለማይሄድ፣ እንዲያውም ሰፊ ግንባርን ሊያሳጥር ስለሚችል፣ ኮሮናል ለማይሆንላቸው ሰዎች ይመረጣል። ዋጋው ፀጉር ወደ ኋላ በተያዘ ቁጥር ሊታይ የሚችል ጠባሳ ነው።

ኢንዶስኮፒክ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ሲሆን ዛሬ በስፋት ይሠራበታል። ከፀጉር መነሻ በስተኋላ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ ቀጭን ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ ይገባል። ሐኪሙ በስክሪን እያየ የግንባሩን ሽፋን ከአጥንቱ ያላቅቃል፣ ቁልቁል የሚጎትቱትን ጡንቻዎች ያዳክማል፣ ከዚያም የተነሳውን በክር፣ በትንሽ ብሎን ወይም በጊዜ ሂደት ሟሙቶ በሚጠፋ መያዣ ከአጥንቱ ጋር ያስራል። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ መደንዘዙም ይቀንሳል። በጣም ለከበደና ለረገበ ግንባር ግን ላይበቃ ይችላል።

ችግሩ በውጪው ጫፍ ብቻ ለሆነ ሰው ቴምፖራል የሚባለው አለ፤ ቅዱ በራስ ጎን፣ በፀጉር ውስጥ ነው። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና አብሮ የሚሠራላት ሴት ደግሞ በዚያው በቆቡ ቅድ በኩል ቅንድቧ ከሥሩ ከአጥንቱ ጋር በክር ሊታሰርላት ይችላል፤ የሚገኘው ከፍታ ግን ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ቀጥተኛው ዘዴ ነው። ልክ ከቅንድቡ ፀጉር በላይ ጠባብ የቆዳ ቁራጭ ይወጣና ይሰፋል። ቅንድብን በትክክል ለማስቀመጥ የሚስተካከለው የለም፤ ጠባሳው ግን ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ቅንድባቸው ወፍራም ለሆነና ራሰ በራ ለሆኑ አዛውንቶች፣ ወይም የፊት ነርቭ ሽባነት ቅንድባቸውን ለጣለባቸው ሰዎች ይሠራል። ግንባሩ ላይ ጥልቅ መስመር ያለው ሰው ከሆነ ቅዱን በመስመሩ ውስጥ መደበቅም ይቻላል።

ያለ ቢላዋ

ቫንኩቨር ውስጥ የዓይን ሐኪም የሆነችው ጂን ካሩዘርስ ያለፈቃድ የሚርገበገብ የዓይን ቆብን በቦቱሊነም መርዝ ስታክም፣ በታካሚዎቿ ቅንድቦች መካከል ያለው የቁጣ መስመር እንደሚጠፋ አስተዋለች። ከባለቤቷ ከቆዳ ሐኪሙ ከአላስቴር ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ጉዳዩን አሳተሙ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚሁ መርዝ የሚሠራውን ቦቶክስን ለዚሁ መስመር ፈቀደ። ቁልቁል የሚስቡት ጡንቻዎች በመርፌ ሲዳከሙ ፍሮንታሊስ ያለ ተቃዋሚ ስለሚስብ ቅንድብ በጥቂት ሚሊሜትር ሊነሳ ይችላል። ውጤቱ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። መርፌው በብዛት ፍሮንታሊስ ላይ ከተወጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያነሳው ጡንቻ ራሱ ይተኛና ቅንድብ ይወርዳል።

በሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ክር ቅንድብን መሳብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ በማኅበራዊ ሚዲያ «የቀበሮ ዓይን» በሚል ስም የገነነው አንዱ ይኸው ነው። ክሩ ሲሟሟና ቆዳው ሲላላ ቅንድቡ ይመለሳል፤ የቀዶ ሕክምናውን ያህል ዕድሜ የለውም።

ማገገምና አደጋው

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ወይም በአካባቢ ማደንዘዣና በማስታገሻ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እብጠቱና ብልዙ ወደ ዓይን ዙሪያ ይወርዳል፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ስፌት ወይም ማያያዣ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይወጣል። የራስ ቆዳ መደንዘዝና ማሳከክ ለወራት ሊዘልቅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ቅንድቡ ከታሰበው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ እብጠቱ ሲሄድ ይረጋጋል።

አደጋዎቹ ደም መቋጠር፣ ኢንፌክሽን፣ በቅዱ ዙሪያ የፀጉር መርገፍ፣ የሁለቱ ቅንድቦች አለመመጣጠን፣ ሁልጊዜ የተገረመ የሚመስል ፊትና የዓይን በደንብ አለመገጠም ናቸው። የመጨረሻው የዓይን ድርቀት ላለበት ሰው ከባድ ነው። ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ቅርንጫፍ ከተጎዳ ደግሞ ቅንድብ ለጊዜው፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው፣ አይነሳም። ትንባሆ የቁስልን መዳን ያዘገያል፤ አስፕሪንና መሰሎቹ መድማትን ያባብሳሉ፤ የታዘዘ መድኃኒትን ግን ያዘዘው ሐኪም ሳያውቅ ማቋረጥ አይገባም።

ለእኛ አንባቢዎች የሚጨመር ነገር አለ። ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ከዚህ በፊት ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ሲሰፋላት ጠባሳዋ ያበጠ ሴት ይህን ሳትናገር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለባትም። ለዓመታት ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ በግንባርና በራስ ጎን ያለውን ፀጉር አመንምኖት ከሆነም ኮሮናልና ፕሪትሪኪያል የሚደበቁበት ቦታ ያጣሉ። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት ደግሞ ቆዳው ሲሳብ ንቅሳቱም አብሮ ወደ ላይ እንደሚሄድ ትወቅ። ቅንድቧን በቀለም ያስነቀሰችም ሐኪሙ የሚለካው ንቅሳቱን ሳይሆን የተፈጥሮ ቅንድቧን እንዲሆን ማሳሰብ አለባት።

ከፋዩ ማን ነው?

በአሜሪካ ለውበት ተብሎ የሚሠራውን የጤና ኢንሹራንስ አይከፍልም። ቅንድቡ ወርዶ የላይኛውን እይታ የጋረደበት ሰው ግን በእይታ ስፋት ምርመራና በፎቶግራፍ ካስረዳ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ሆነ ሌሎች ኢንሹራንሶች ሊከፍሉለት ይችላሉ። በዚያ የሚኖሩ አረጋውያን ወላጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማል፤ «ኧረ ይኼ የእርጅና ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፈው መጋረድ ሕክምና ያለው ሊሆን ይችላልና። ዋጋ ረክሶ አግኝተው ወደ ሌላ አገር ሄደው የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ስፌቱን የሚያወጣው፣ ደም ቢቋጠር የሚከፍተው ሐኪም ማን እንደሆነ ከመሳፈራቸው በፊት ማወቅ አለባቸው።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው፦ የወረደው ቅንድቤ ነው፣ የቆቤ ቆዳ ነው ወይስ ቆቤን የሚከፍተው ጡንቻ? የመረጡልኝ ዘዴ ጠባሳውን የት ያስቀምጣል፣ የፀጉሬን መነሻስ ወዴት ይወስደዋል? ይህን ዘዴ ምን ያህል ሠርተዋል፣ የእኔን ዓይነት ቆዳና ፀጉር ባላቸው ሰዎች ላይ የሠሩትን ፎቶግራፍ ሊያሳዩኝ ይችላሉ? በመርፌ ሞክሬ ባየው ምን ይቀርብኛል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ጣቱን ቅንድብዎ ላይ ሳያሳርፍ፣ ዓይን ሳያስጨፍንና ሳያስገልጥ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።