ቀለም ከመነካቱ በፊት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የሰውን ፊት በዘይት ቀለም መሣል የሚማር ወጣት ቀለም የሚነካው ዘግይቶ ነበር። መጀመሪያ የታተሙ ንድፎችን ይገለብጣል፤ ቀጥሎ የጥንት ግሪክና ሮም ሐውልቶችን የጄሶ ቅጂ፣ በመጨረሻም ሕያው ሰውን በእርሳስና በከሰል ይነድፋል። ዝነኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ኤኮል ዴ ቦዛር ራሱ እስከ 1863 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ድረስ የሚያስተምረው ንድፍን እንጂ ቅብን አልነበረም፤ ቅቡን ተማሪው በሠዓሊዎች የግል ስቱዲዮ ይማር ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነበር እላለሁ። ነጭ ጄሶ የቀለም ልዩነት ስለሌለው ዓይን ብርሃንንና ጥላን ብቻ እንዲለይ ያስገድዳል፤ የአፍንጫ ጥላ የት ላይ እንደሚያበቃ ያላወቀ ሰው የቆዳን ቀለም የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያዋህድ፣ የሚሥለው ፊት ጠፍጣፋ ይሆንበታል።

ሥርዓቱ የተማሪውን የራስ መንገድ ይገድላል የሚል ተቃውሞ አለ፤ በከንቱም አልተነሣም፤ ለዓመታት መገልበጥ የብዙዎችን እጅ አንድ ዓይነት አድርጓል። ትምህርት ቤቱ ሴቶችን እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ደጅ ማቆየቱማ ግልጽ በደል ነው። ነገር ግን ቪንሰንት ቫን ጎግ ሻርል ባርግ ያዘጋጃቸውን የንድፍ መማሪያዎች ደጋግሞ ገልብጧል፤ እሱ የሣለውን ፊት ከሌላ ሠዓሊ ሥራ ጋር የሚያምታታ ሰው ግን አይገኝም።