የጥንት ገንዘብ ዘመኑን እንዴት ይናገራል?

የታሪክ ምስክሮች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም ዋና ዋናዎቹ መጽሐፍ፣ የድንጋይ ጽሕፈትና ገንዘብ ናቸው። መጽሐፍ ይቃጠላል፤ ድንጋይም ይሰበራል። የወርቅ ገንዘብ ግን ዝገት ስለማያውቅ፣ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ከመሬት ሲወጣ የንጉሡ መልክ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። እኛ በአሶሳ የምንማር ልጆች ወርቅ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ እንደሚወጣ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ስለዚህ ያው ወርቅ ገንዘብ ሆኖ ሲናገር ምን እንደሚል ለአንባብያን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሮማ ቄሣሮችም ሆኑ የአክሱም ነገሥታት እንደ ዛሬው በገንዘባቸው ላይ ዓመቱን ጽፈው አለመተዋቸው ነው። እንግዲያስ ዘመኑ በምን ይታወቃል?

ልጆች «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እያሉ ሳንቲም ሲወረውሩ እንደምናየው፣ የሮማም ገንዘብ ሁለት ገጽ አለው። መርማሪው አስቀድሞ የቄሣሩን መልክ የያዘውን ገጽ ይመለከታል። በመልኩ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሕፈት ቃላቱን እያሳጠረ የቄሣሩን ስምና ማዕርጉን ይዘረዝራል። ዘመኑም የሚገኘው ከዚሁ ማዕርግ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንቶኒኑስ ፒዩስ የነገሠው ከ138 እስከ 161 ድረስ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ቆንሲል የሆነው በ140፣ አራተኛ ጊዜ የሆነው በ145 ነው። በገንዘቡ ላይ «ቆንሲል ሦስተኛ ጊዜ» የሚል ቢገኝ፣ ገንዘቡ ከ140 እስከ 144 ባለው ጊዜ ውስጥ ታትሟል ማለት ነው። እንዲሁም ትራያን የዳኪያን አገር ድል በመንሣቱ በ102 «ዳኪኩስ» ተባለ፤ በ116 ደግሞ «ፓርቲኩስ» የሚል ስም ተጨመረለት። የመጀመሪያው ስም ኖሮ ሁለተኛው ከሌለ፣ ዘመኑ በነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል ነው። ከዚህም በላይ ቄሣሮች በየዓመቱ የሚያድሱት የትሪቡን ሥልጣን የሚባል ማዕርግ ነበራቸው፤ የእድሳቱ ቍጥር ከተጻፈ ዘመኑ ወደ አንድ ዓመት ይጠባል። ጽሕፈቱ ተፍቆ እንኳ ቢሆን ጢሙ ይረዳል፤ ከሐድርያን አስቀድሞ የነበሩት ቄሣሮች አብዛኛዎቹ ጢማቸውን የሚላጩ ሲሆኑ፣ እርሱ በ117 ከነገሠ ወዲህ ግን ባለ ጢም መልክ ተለመደ።

ከመልክና ከጽሕፈት ቀጥሎ የሚመረመረው ሚዛኑ ነው። ሚዛኑም የአገራችንን ታሪክ ይነካል። በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ለሚቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይገባ እንደ ነበረ ይናገራል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ በራሱ መልክ የወርቅ ገንዘብ አሳተመ፤ ሚዛኑም የሮማውን የወርቅ ገንዘብ እኩሌታ ያህል ነበር። ኋላ ቈስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ነጥር ወርቅ 72 ገንዘብ እንዲወጣ ወሰነ፤ እያንዳንዱም 4.5 ግራም ያህል ሆነ። በዒዛና ዘመን የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ዝቅ ሲል እናያለን፤ ይህም ለቈስጠንጢኖስ ገንዘብ ሢሶ የቀረበ ነው። ዒዛና አስቀድሞ በገንዘቡ ላይ ጨረቃ ያስቀርጽ ነበር፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በጨረቃው ፈንታ መስቀል ተተካ። ቈስጠንጢኖስ የሮማን መንግሥት ሁሉ የጠቀለለው በ324 ስለ ሆነ፣ ሊቃውንት ባለ መስቀሉን ገንዘብ ከዚያ ወዲህ ያደርጉታል። እንዲህ እያለ የሮማ ሚዛን የአክሱምን ንጉሥ ዘመን ለማወቅ ይረዳናል።

ይህ የአክሱም ወርቅ ከወዴት ይመጣ ነበር? በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን የጐበኘው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ እንደሚተርከው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሳሱ ወደሚባል አገር ወርቅ የሚገዙ ሰዎች ይልክ ነበር። ሌሎችም ነጋዴዎች ተጨምረው ቍጥራቸው ከ500 ይበልጥ ነበር። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ ወርቅ ያስቀምጡና ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። ያን ጊዜ የአገሩ ሰው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን መልሶ ይወስዳል። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ገበያው ይፈጸማል። ከሊቃውንት ብዙዎቹ ሳሱ በፋዞግሊና በቤኒሻንጉል አካባቢ እንደ ነበረ ይገምታሉ። ግምታቸው የቀና ከሆነ፣ የአክሱም ነገሥታት መልካቸውን ካተሙበት ወርቅ ከፊሉ ከኛ ወንዞች አሸዋ የተለቀመ ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘብ የታተመበት ጊዜና የተቀበረበት ጊዜ ልዩ ልዩ ናቸው። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ባለችው በመጠራ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ አንፍሬ ሲቈፍሩ በነሐስ ዕቃ ውስጥ 14 የሮማ የወርቅ ገንዘቦች ተገኙ። ገንዘቦቹ የ2ኛውና የ3ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ የተገኙት ግን ከወርቅ መስቀሎች ጋር ነው። ስለዚህ የተቀበሩት ክርስትና ወደ አገሩ ከገባ በኋላ መሆኑን መስቀሎቹ ይመሰክራሉ። ገንዘቦቹ ለብቻቸው ቢገኙ ኖሮ ይህን ማን ይነግረን ነበር? አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብርም ያው ነው። ማርያ ትሬዛ በ1780 ሞታለች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በ20ኛው መቶ ዓመት እንኳ በቪየና፣ በሮማና በለንደን ይታተም ነበር።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ጥንታዊ ገንዘብ ያገኘ ሰው በአሸዋ አይፈግፍገው፤ ለአንጥረኛም አይስጠው። ከየት ቦታ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ዕቃ ጋር እንዳገኘው ይጻፍ፤ ለሚመለከተውም መሥሪያ ቤት ያስታውቅ። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 በማዕድን ቍፋሮም ሆነ በእርሻ ቅርስ ያገኘን ሰው ይህንኑ ያዝዛል። ወርቅ በሚታጠብበት አገር ለምንኖር ለኛ ይህ ትእዛዝ የሩቅ ነገር አይደለም። ወርቁ ቢቀልጥ ያው ወርቅ ነው፤ በላዩ የነበረው ጽሕፈት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በምንም ዋጋ አይገዛም።